ስሟን የማታውቀው ድመት

ሰባት ዓመቴ ላይ ሁለት ድመቶች ነበሩን። ግራጫውን ወንዱን «ሊቁ» እንለዋለን፤ ነጯን ሴቷን «ጅሊት»። ስሞቹን ያወጣላቸው ታላቅ ወንድሜ ነው። በሦስት ዓመት ይበልጠኛል፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ ሦስት ዓመት አንድ ሰው ሁሉን ነገር አውቆ ለመጨረስ የሚበቃው ጊዜ ነው።

ሊቁ ለስሙ የሚመጥን ድመት ነበር። በር ሲዘጋበት ዘሎ እጀታው ላይ ይንጠለጠላል፣ በክብደቱ ወደ ታች ይጎትተዋል፣ ሲከፈትለት ምንም እንዳልተፈጠረ ቀስ ብሎ ይወጣል። ወንድሜ ጣሳ በማንኪያ ከመታ ከሦስት ቤት ማዶ ጣሪያ ላይ እየበረረ ይደርሳል። ስሙን ያውቃል። የቤተኛን ኮቴ ከእንግዳ ኮቴ ይለያል። እናቴ፣ «ይሄ ድመት የቀረው ነገር ቢኖር ፊርማ ነው» ትላለች።

ጅሊት ግን ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ የምትሠራትን አራት ማዕዘን ብርሃን ተከትላ ስትንፏቀቅ ትውላለች። ጠዋት በሩ አጠገብ ናት፤ እኩለ ቀን ላይ ጠረጴዛው ሥር፤ ወደ ማምሻው ግድግዳውን ተደግፋ ትገኛለች። እንዲህ እያለች ከብርሃኑ ጋር ቤቱን ትዞራለች። ብትጠራ አትመጣም። ጣሳ ቢመታ፣ በር ቢንኳኳ፣ የጎረቤት ውሻ ከኋላዋ ቢጮህ ግድ የላትም። ሳያት ውሃ ውስጥ የምትኖር ትመስለኝ ነበር፤ ሌሎቹ ዳር ቆመው ሲንጫጩ እሷ ከታች በዝግታ የምትዋኝ። እወዳት ነበር። ለምን እንደሆነ ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ የሳሎኑን ግማሽ ይዞታል። ስትረግጠው ወለሉ ይንዘረዘራል፤ ያ ንዝረት በእግሬ መዳፍ ገብቶ እስከ ጉልበቴ ይወጣል። ከትምህርት ቤት ስመለስ እኔና ጅሊት ጎን ለጎን ወለሉ ላይ በሆዳችን እንተኛና መኪናውን «እንሰማዋለን»። የጨርቅ ቁርጥራጭ ከላያችን ይወርድብናል፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አንዳንዴ የሙሽራ ነጭ። ሰው ሁሉ መኪናውን የሚሰማው በሆዱ ይመስለኝ ነበር።

ስለ ንግግርም የራሴ እምነት ነበረኝ። ቃል ከሰው ፊት ላይ የሚወጣ ነገር ነው ብዬ አምን ነበር፤ ብርሃን ከአምፖል እንደሚወጣ። ፊቱ ሲዞር ቃሉ ይጠፋል፤ ሰውዬው ወሬውን ጨረሰ ማለት ነው። ስለዚህ እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆይታ በድንገት ዞራ ስትቆጣኝ በጣም ይገርመኝ ነበር። ምንም ሳትናገር የቆየች ሴት ምን አስቆጣት?

«ስንቴ ልንገርሽ? ጆሮ ዳባ ልበስ ነው ነገርሽ?» ትለኛለች።

መምህራችንም ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ ቆይቶ ይዞርና አንዴ እኔን፣ አንዴ ደብተሬን አይቶ ራሱን ይነቀንቃል። የዓመቱ አጋማሽ ላይ ለእናቴ አንድ ወረቀት ላከላት። እናቴ አነበበችው፣ አጥፋ መርፌ የምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችው፣ ያን ቀን የስፌት መኪናውን አልረገጠችም። ወረቀቱ ስለ ጫማዬ መስሎኝ ነበር፤ አንደኛው አፉ ተከፍቶ ነበርና።

ከሳምንት በኋላ አክስቴ መጣች። የእናቴ ታላቅ ናት፤ ከከተማው ወጣ ብላ ዶሮ ታረባለች። እኔ ጓሮ ሆኜ፣ ጅሊትን አቅፌ፣ በመስኮቱ መስታወት አያቸዋለሁ። አክስቴ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። የእናቴ ፊት ግን ወደኔ ነው። ስለዚህ ከወሬው የደረሰኝ የእናቴ ድርሻ ብቻ ነው።

«እሱማ አንዴ ካሳዩት በቃ፣ ይይዛል» አለች እናቴ።

የአክስቴ ትከሻ ተነቃነቀ።

«እሷ ናት እንጂ ያስቸገረችኝ። ብትጠሪያት ዞር አትልም። በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ይፈሳል።»

ትከሻው አሁንም ተነቃነቀ።

«ኧረ ክፋት የለባትም! የዋህ ናት። ግን አይገባትም፤ ምን ላድርግ?» እናቴ የያዘችውን ጨርቅ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች። «አንቺ ዘንድ ይሻላታል። ግቢሽ ሰፊ ነው። ዶሮዎቹን እየጠበቀች ታድጋለች። ወሩ ሲያልቅ መጥተሽ ውሰጃት።»

ጅሊትን አጥብቄ ያዝኳት። ነገሩ ግልጽ ነው። አንዴ አይቶ የሚይዘው ሊቁ ነው፤ ብትጠራ የማትዞረው ጅሊት። ድመት ዶሮ ሲጠብቅ ያየ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ ትንሽ ግራ ገባኝ፤ ግን የትልልቅ ሰዎች ነገር ሁልጊዜ የሆነ ቦታ ላይ ስለሚጎድለኝ አለፍኩት። ሐሳቤ እዚያ ዶሮዎቹ ጋ ጥቂት ቢቆይ ኖሮ ብዙ ነገር ይገባኝ ነበር።

እናቴ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተያየን። በያዘችው ጨርቅ ፊቷን ጠረገች። ለድመት ታለቅሳለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበርና፣ እናቴ ልቧ እንዴት ደግ ነው አልኩ።

ከቤታችን ፊት ለፊት ያለችውን ክፍል የተከራዩት ሬዲዮ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ሬዲዮ» ይላቸዋል። ክፍላቸው ውስጥ ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮዎች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። የመበየጃው ጭስ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይቆይና በዝግታ ይታጠፋል። ጅሊት ከፀሐይዋ ቀጥሎ የምትወደው የእሳቸውን ትልቁን ሬዲዮ ነው። ዜማ ሲይዝላቸው ድምፅ ማጉያው ላይ ወጥታ አገጯን ታሳርፋለች፤ እኔም መዳፌን አጠገቧ አስቀምጣለሁ። ወፍራሙ ድምፅ እንደ ሞቀ ውሃ እጄ ውስጥ ይገባል።

ጋሽ ሬዲዮን የምወዳቸው በሌላ ምክንያትም ነው። ሲያወሩኝ ሥራቸውን አስቀምጠው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ፊቴን እያዩ ነው። ወሬያቸው አይቆራረጥም።

«ጋሼ፣ ጅሊትን ለአክስቴ ሊሰጧት ነው» አልኳቸው።

«ምን አጠፋች?»

«አይገባትም ብለው።»

«ማን ሞክሯት ነው?»

«ወንድሜ። ሦስት ኩባያ ደፍቶ አንዱ ሥር ሥጋ ደበቀ። ሥጋው ያለበትን ኩባያ በማንኪያ ሲመታው ሊቁ ሄዶ ገለበጠው። ጅሊት ግን የወንድሜን እጅ ብቻ ነው ያየችው።»

አገጫቸውን አከኩ። «እዚህ የሚመጣው ሬዲዮ ሁሉ ባለቤቱ ‹ሞቷል› ብሎ ነው የሚያመጣው፤ እስካሁን የሞተ አላገኘሁም። እስቲ አንቺም ከመማረርሽ በፊት አስተምሪያት።»

ሦስት ሳምንት ነበረኝ። በየቀኑ ከምሳዬ ላይ ቁራጭ ሥጋ እደብቅና ከጅሊት ጋር ጓሮው ውስጥ ያለች ከሳንቃ የተሠራች የዕቃ ቤት እንገባለን። በስንጥቁ የሚገባው ብርሃን አቧራውን ወርቅ ያስመስለዋል። መጀመሪያ በስሟ መጥራት ነበረብኝ፤ ጠራኋት፤ ጭራዋን ስትልስ ቆየች። ከዚያ እናቴ እኔን መጥራት ሲታክታት የምታደርገው ትዝ አለኝ። ወለሉን በእግሯ ትመታለች፤ ያኔ ዞር እላለሁ። እኔም ሳንቃውን በተረከዜ መታሁት።

ጅሊት ዞረች። ዓይኗን ዓይኔ ላይ አድርጋ ጠበቀች።

ከዚያ ወዲያ ያለው ቀላል ነበር። መዳፌን ስዘረጋ ትመጣለች። ጨብጬ ሳነሳ ትቀመጣለች። ጣቴን ሳዞር እሷም ትዞራለች፤ ረጋ ብላ፣ እንደ ትልቅ ሴትዮ። አንዴ የያዘችውን አትረሳም። ሊቁንም ሞከርኩት። ሊቁ ምልክት ለመማር አልደከመም፤ ሥጋው ያለው ኪሴ ውስጥ መሆኑን ስለደረሰበት በቀጥታ ኪሴን በጥፍሩ ከፈተው። የድመት አእምሮ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ያኔ ነው የገባኝ። ሊቁ ነገሩን ያጠናል፤ ጅሊት ሰውን ታጠናለች።

ወንድሜ በስንጥቁ አይቶን ኖሮ በሩ ላይ ጠበቀን። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለና ሳቀ። ስለ ድመቷ ነው የመሰለኝ።

አክስቴ ልትመጣ አንድ ቀን ሲቀር ሁሉንም በጋሽ ሬዲዮ ክፍል ሰበሰብኳቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ወንድሜ አልጋው ላይ ሊቁን አቅፎ ተቀመጠ። እናቴ፣ «ቶሎ በሉ፣ ያላለቀ ልብስ አለብኝ» እያለች በሩን ተደግፋ ቆመች፤ አንገቷ ላይ ሜትሯ ተንጠልጥሏል። እኔ መሬት ላይ፣ ጅሊት ፊቴ፤ ትልቁ ሬዲዮ ከኋላዬ።

ወለሉን መታሁ። ዞረች። መዳፌን ዘረጋሁ፤ መጣች። ጨበጥኩ፤ ተቀመጠች። ጣቴን አዞርኩ፤ ዞረች። እናቴ የተደገፈችውን በር ለቀቀች።

«እንዴ! ይቺ ጅሊት ናት?»

«እስቲ በስሟ ጥሪያት!» አለ ወንድሜ። «ስሟን የማታውቅ ምኑን ተማረች?»

እኔ ጠራኋት፤ እሱ ጠራት፤ እናቴም ጠራቻት። ጅሊት ዓይኗን ከእጄ ላይ አላነሳችም። ወንድሜ እየሳቀ አልጋው ላይ ተንከባለለ። ጉንጬ ጋለ። እንባዬ እንዳይታይ አቀርቅሬ የጅሊትን ጀርባ ማሻሸት ጀመርኩ።

ቀጥሎ የሆነውን ያኔ አላየሁም፤ በኋላ የነገሩኝ ነው። ጋሽ ሬዲዮ ከኋላዬ ዞሩ። የሬዲዮውን ቁልፍ በሁለት ጣቢያዎች መካከል፣ ያ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ያለበት ቦታ ላይ አደረጉና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈቱት። ሊቁ ከወንድሜ ክንድ አምልጦ አልጋው ሥር ገባ። ወንድሜ ጆሮውን ያዘ። እናቴ፣ «ኧረ በፈጠረዎት!» ብላ ጮኸች።

ጅሊት ዓይኗን ጨፍና ጀርባዋን ለእጄ ሰጥታለች። እኔም እያሻሸሁ ነበር።

ቀና ስል ሁሉም እኔን ነበር የሚያዩት። ድመቷን አይደለም፣ እኔን። የወንድሜ ሳቅ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀርቷል። ያጠፋሁት ነገር ያለ መሰለኝ። ጋሽ ሬዲዮ ዞረው መጡና ጉልበታቸውን እየደገፉ ፊቴ ቁጢጥ አሉ።

«ልጄ፣ ሰማሽ?»

«ምኑን?» አልኳቸው።

እናቴ በሩ ላይ ተንሸራታ ተቀመጠች። ጋሽ ሬዲዮ ወደሷ ዞሩና አንድ ነገር አሏት፤ ጀርባቸው ነበር የሚታየኝ። እናቴ በሁለት እጇ አፏን ሸፈነች። የሁለቱም ቃል ተደበቀብኝ።

በአራት ዓመቴ ኩፍኝ ይዞኝ ነበር። ትኩሳቱ ሲለቀኝ ጆሮዬ መግል ያዘ፤ መግሉ ደረቀ፤ ቤተሰቡ ተመስገን አለ። ከመግሉ ጋር ምን እንደሄደ ማንም አላወቀም፤ እኔ ራሴም አላወቅሁም። ከዚያ በፊት ዓለም እንዴት ትሰማ እንደነበር አላስታውስማ። ወፍራሙ ድምፅ ትንሽ ቀርቶልኛል፤ ቀጭኑ ሁሉ ሄዷል። የቀረውን ከከንፈር እያነበብኩ ነበር የምኖረው፤ ማንበቤን ሳላውቅ።

እናቴ ሲመርራት፣ «ደንቆሮ ነሽ እንዴ!» ትለኝ ነበር። ይህ በእኛ ቋንቋ ስድብ ነው። ዛሬ ሳስበው ግን ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነበር፤ መልሱን የጠበቀ አልነበረም እንጂ። ወንድሜም አድጎ፣ ሦስት ልጆች ወልዶ፣ አንድ ቀን በእጁ ብርጭቆ እያዞረ ነገረኝ። «ከኋላሽ ሆኜ አንቺንም ‹ጅሊት› ነበር የምልሽ። ሁለታችሁም አትዞሩም ነበር።» ስለ ድመቷም አንድ ነገር ጨመረልኝ። እኔ ዝምተኛ የማላትን ጅሊት ሰፈሩ በጩኸቷ ነበር የሚያውቃት፤ የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ እንደ ጡሩንባ ነበር የምትጮኸው።

ሰኞ ጠዋት እናቴ መኪናዋን ሸፍና እኔን እየጎተተች ወጣች። የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። አክስቴ እሁድ መጥታ እኛ ጋ አድራለች፤ ስንወጣ ቤት ነበረች። እኛ ሳንመለስ ጅሊትን ይዛት ብትሄድስ? «ጅሊትን ይዘናት እንሂድ» ብዬ አለቀስኩ። እናቴ መንገድ ላይ ሁለት ሦስቴ ቆማ አየችኝ፤ ግን አልተቆጣችም።

ሐኪሙ ነጭ ክፍል ውስጥ ነበር። ጆሮዬን በመብራት አየ። ከዚያ ሁለት ጣት ያላት ብረት ጉልበቱ ላይ መታና እግሯን ከጆሮዬ ጀርባ፣ አጥንቱ ላይ አሳረፈ። አጥንቴ ውስጥ ንብ ገባ። ደስ አለኝና ሳቅሁ። ብረቷን አንስቶ ጆሮዬ አጠገብ ሲይዛት ንቧ ሄደች። እንደገና እንዲያደርግልኝ ለመንኩት። እናቴ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጆሮ ሥዕል ታያለች፤ እንደ አፈር ዋሻ ጠመዝማዛ የሆነውን። ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ አናገራት። ለእኔ አጎንብሶ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «አንቺ ጎበዝ ልጅ ነሽ። ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን እንዴት ቻልሽው?» ድመቷን ስለማሠልጠኔ የሰማ መሰለኝ፤ ኮራሁ።

ወጥተን አውቶቡስ የሚጠበቅበት አግዳሚ ወንበር ጋ ስንደርስ እናቴ ቆመች። ቦርሳዋን መሬት ላይ ጣለች። ሰው እያየ፣ በአዲሱ ቀሚሷ አስፋልቱ ዳር ተንበርክካ ጉንጮቼን በሁለት እጇ ያዘች። መርፌ የወጋጋቸው ጣቶቿ ሻካራ ናቸው። መናገር ጀመረች።

ሰው ሲያለቅስ ከንፈሩ አይነበብም። አፉ ይጣመማል፣ ቃሉ ቅርጹን ያጣል። እናቴ ብዙ ተናገረች፤ እኔ ግን ከሁሉም የያዝኩት ሁለት ቃል ነው፦ «አልሰጥም» የምትል መሰለኝ፣ ደግሞ «የትም»። በቃኝ። ጅሊት አትሄድም ማለት ነው። ራሴን ነቀነቅሁላትና አንገቷ ሥር ገባሁ። ደረቷ ልክ እንደ መኪናዋ ይንዘረዘር ነበር።

ቤት ስንደርስ ጅሊት ፀሐይዋ ላይ ተጋድማለች። አክስቴ እኔን ስታይ አቅፋ ሳመችኝ፤ ወደ ማታ ብቻዋን፣ ባዶ ቅርጫቷን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። አሸነፍኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ዓለም አመሉን ለወጠ። መምህራችን ከኋላ ወንበር አንስቶ ፊተኛው ላይ አስቀመጠኝ። ወንድሜ ሊያናግረኝ ሲፈልግ ከፊቴ ዞሮ ይመጣል። ዳቦ ሻጯ ሳትቀር ቀና ብላ ዓይኔን እያየች ነበር የምታናግረኝ። ድመት በማሠልጠኔ ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ በቀስታ መራመድ ጀመርኩ።

ጆሮዬ ላይ የሚሰካውን መሣሪያ ያገኘሁት በአሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ዛሬ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነኝ። መኪናዎቹ ሲያጓሩ ሌሎቹ ራሳቸውን ያማቸዋል፤ እኔ መሣሪያዬን አጥፍቼ ከፊደል ጋር እውላለሁ። ስለዚያ ወሬ፣ ስለ ዶሮዎቹ፣ «ወሩ ሲያልቅ ውሰጃት» ስለተባለችው ከአክስቴ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ስትነግረኝ አልተከፋሁም። ይልቅ ያቺ በመስኮት የምታለቅስ ልብስ ሰፊ ናት ያሳዘነችኝ፤ የያኔ ዕድሜዋ ከዛሬው ዕድሜዬ ያንሳል።

ባለፈው ወር እናቴ ዘንድ ሄጄ፣ ክር መርፌ ላይ እያስገባሁላት፣ ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ ከሐኪሙ የወጣን ቀን፣ አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ፣ ምን ነበር ያልሽኝ?»

እጇ ቆመ። «አልሰማሽኝም እንዴ? ራስሽን ነቀነቅሽልኝ እኮ።»

«ታለቅሺ ነበር። አላነበብኩትም።»

«ታዲያ ምን ያልኩሽ መስሎሽ ነው ያቀፍሽኝ?»

«‹ድመቷን ለማንም አልሰጥም› ያልሽኝ መስሎኝ ነበር።»

እናቴ መርፌውን ከእጄ ተቀበለችኝ። ከዚያ ወንበሯን እየገፋች ፊት ለፊቴ መጣች፤ ብርሃኑ ከንፈሯ ላይ እንዲያርፍ ወደ መስኮቱ ዞር አለች፤ እያንዳንዱን ቃል ለይታ፣ ሳታለቅስ ተናገረች።

«አዎ» አለችኝ፤ «እሱን ነበር ያልኩሽ።»